ካለቀሳችሁ ተቀመጡ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቃለጽድቅ፤ ሞጣ

ቃሌ፣ እንደምን ሰነበትክ? «ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ደህና ነኝ ስትዪ አላምንሽም» ብለህ ስለጻፍክ በራሴ መጀመሩን ትቼዋለሁ። በአንተ ልጀምር። ባለቤትህ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ቆማ መሄድ ጀመረች? የስልክ መስመሩ እዚያ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅህን ረስቼው እንዳልቀር እፈራለሁ። ደብዳቤ ደግ ነገር ነው፤ ግን አይስቅም፣ አያስልም፣ ሰው ሲዋሽም አያስታውቅም።

እማዬን ለጠየቅኸኝ፣ እንደተውካት ናት። ስትሮኩ የመታው ግራ ጎኗ አልተመለሰም። አንደበቷ ግን ጭራሽ ተስሏል። ባለፈው እሑድ የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጥተው «እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል» ቢሏት፣ «ፈተናውስ ይሁን አባ፣ ውጤቱን መቼ ነው የሚነግረን?» አለቻቸው። ስቀው ባርከዋት ሄዱ።

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሚሊዮን ምን እንዳወራልህ ገምቻለሁ። ለአንተ የጻፍኩትን ልሰጠው ጦር ኃይሎች እህቱ ቤት ስሄድ ሆዴን ደግፌ መራመዴን አይቶ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ዓይኑን መንገዱ ላይ ቢያደርግ ይሻለው ነበር። ግን አንዴ ከሰማህ አልዋሽህም። እንብርቴ አጠገብ እብጠት ወጥቶብኛል። ቤቴል ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሙ ሄርኒያ ነው አለኝ። እማዬን ሳነሣና ሳስተኛ የመጣ ነው። በቀዶ ጥገና መጠገን አለበት፤ ችላ ካልኩት አንጀቴ እዚያው ታንቆ ሊገድለኝ ይችላል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ደግ ነው። «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሺም» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። ከባድ ነገር ያለው እማዬን ነው። በዕድሜዬ እማዬን ከባድ ነገር ብዬ አስቤያት አላውቅም።

ሠራተኛ ቅጠሪ እንዳትለኝ። ሁለት ሞክሬ ነበር፤ እማዬን ማጠብ ሲያዩ ሳምንት አልቆዩም። ዘመድ አትበለኝ፤ ዘመዶቻችንን ታውቃቸዋለህ፣ ለሠርግና ለተዝካር ናቸው። የሚተካኝ ሰው ካላገኘሁ ሆስፒታል መግባት አልችልም። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ደስ ሊያሰኝ የሚችል ነገር ልንገርህ። ወረዳው የሰፈሮቹን እድሮች ጠርቶ «አረጋውያንና አስታማሚዎቻቸው በአካባቢያቸው የሚደገፉበትን ዕቅድ አዘጋጅታችሁ አምጡ» ብሏል። ድሮ የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበርኩ እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። የእኛው እድር ሊቀመንበር ጋሽ ገብረማርያም ሰብሳቢ ናቸው። ከአየር ጤና አንስቶ ቆሼ ጥግ ድረስ ያሉት እድሮች ሁሉ ተወካይ ልከዋል። ከቆሼ በኩል የመጣችው ሴት ምን አለች መሰለህ? «እኛ ጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆሻሻ ሲለዩ የኖሩ እናቶች አሁን ወድቀዋል፤ አልጋቸው አጠገብ ውኃ የሚያስቀምጥላቸው የለም።» ወንዶቹ ግን ወሬውን ወደ አዳራሽ መሥራት ወሰዱት። የአረጋውያን መዋያ አዳራሽ እንሥራ፣ ዳማ ይጫወቱ፣ ፀሐይ ይሙቁ። እኔም «መልካም ነው፤ እዚያ ድረስ ማን ይሸከማቸዋል? በእግሩ አዳራሽ የሚመጣ ሽማግሌማ ገና ጎበዝ ነው» አልኳቸው። ወደዱኝ አልልህም።

አንተ የአማርኛ መምህር ነህ። የደንቡን አንቀጽ አቀናብርልኝ። እኔ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ የእድሩ ሰው በተራ ከበሽተኛው ጋር እየዋለ አስታማሚውን ያሳርፍ። ለእማዬ የምትጽፈውን ግን በሌላ ወረቀት ጻፈው፤ ካላነበብሽልኝ ትለኛለች። ስለ እብጠቱ አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈልግም።

እህትህ የኔሰው


ሞጣ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ የኔሰው

እትዬ፣ ጤናሽን ሳልጠይቅሽ አስቀድመሽ ነግረሽኛል፤ ስለዚህ ልለምንሽ እንጂ ልጠይቅሽ አልችልም። አደራሽን ባልዲ አታንሺ። ውኃውን በጆግ እያመላለስሽ አጥቢያት። ይህን የምለው ምንም ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ መሆኑ ይገባኛል፤ ያም ያሳፍረኛል።

ለምን አልመጣህም ብትዪኝ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። አንዱን ጊዜ መንገድ ተዘግቷል ብለው ከመናኸሪያው መለሱን። ሁለተኛውን አልጽፈውም፤ ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። ትምህርት ቤቱን ብትጠይቂኝ፣ ደወሉ አለ፤ የጠፋው የሚደወልለት ተማሪ ነው። ባለቤቴ ደህና ናት። ሕፃኗ ግድግዳ ይዛ ትራመዳለች፤ ግድግዳው ሲያልቅባት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

አንቀጹን እነሆ፦

«እድሩ፣ አባሉ ሲሞት እንደሚቀመጥለት ሁሉ፣ አባሉ በሕይወት ሳለ በእርጅና ወይም በሕመም አልጋ ላይ ሲውል በተራ ይቀመጥለታል፤ አስታማሚውንም ያሳርፋል።»

ስለ ቃሉ ብዙ አሰብኩ። «ጠባቂ» እንዳትሉ፤ እማዬ ዘበኛ ቀጠራችሁብኝ ትላለች። «ሞግዚት» ደግሞ የሕፃን ነው። «አስታማሚ» ካላችሁ ሰው ሁሉ መድኃኒት መስጠት ያለበት ይመስለውና ይሸሻል። «መቀመጥ» ግን እድርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ለለቅሶ ስትቀመጪ ምንም ሙያ አይጠየቅብሽም፤ መጥተሽ ቁጭ ማለትሽ ራሱ ሥራ ነው። ይህን ወግ ከሞት በፊት ማምጣት ነው የፈለግሽው፤ አይደል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንቺ ሎሚውን ሁሉ ብቻሽን ይዘሻል።

አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። ለእማዬ ንገሪያት። የደበቅሽውን በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማው የባሰ ይጎዳታል።

ወንድምሽ ቃለጽድቅ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቃሌ፣ እንኳን አደረሰህ። ፋሲካን እንዴት ዋላችሁ? እኛ ዶሮ ሠርተን እማዬ የእንቁላሉን ግማሽ በላች። «ሌላውን ግማሽ ለቃሌ አስቀምጪለት» ስትል አስቀመጥኩልህ፤ በኋላ እኔው በላሁልህ።

አንቀጽህ አለፈ! እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ እቃ ቤት ግቢ ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። አቶ ደበላ ተነሥተው «እድር የቀብር ነው፤ ዛሬ በሽተኛ እንቀመጥ ካልን ነገ ዳይፐር ቀይሩ ልትሉን ነው» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። እኔም እጄን አውጥቼ ልናገር ስል ዊዳድ ቀደመችኝ። ከአጥራችን ማዶ ያለችውን ዊዳድን ታስታውሳታለህ፤ አባቷን እስኪያርፉ ያስታመመችውን።

«አባዬ የሞተ ጊዜ ግቢዬ አልበቃችሁም» አለች። «ሦስት ቀን ተቀመጣችሁልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። እሱ አራት ዓመት ሲተኛ ግን ሱቅ ደርሼ እስክመለስ የሚቀመጥልኝ አጥቼ በሩን ቆልፌበት ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ስመለስ ከአልጋው ወድቆ ስሜን ሲጠራ አገኘሁት። እስከ አጥር ይሰማ ነበር ድምፁ። ያኔ የት ነበራችሁ?»

ጋሽ ገብረማርያም ድምፅ ሲያሰጡ አቶ ደበላ ራሳቸው እጃቸውን አወጡ። አዳራሹም በዕቅዱ ውስጥ ቀርቷል፤ መራመድ ለሚችሉት ይሁን። አልጋ ላይ ላሉት ደግሞ የመቀመጥ ተራ ተመድቧል። መጀመሪያ በእኛ ቤት ይሞከርና ካማረ ወደ ሌሎቹ እድሮች፣ እስከ ቆሼ ድረስ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሶፊ ሰውን በአንሶላ እንዴት አድርገው ለሁለት እንደሚያነሡ አሳይታናለች። ዊዳድ ላይ ተለማመድን፤ ልትጥሉኝ ነው እያለች ሳቀች።

ሆስፒታሉ የቀጠረኝ ለግንቦት 14 ነው። ሴቶቹ ከግንቦት 5 ጀምሮ ይመጣሉ፤ እማዬ እስክትለምዳቸው ጊዜ ይኖረናል።

ነግረሻታል ወይ ላልከኝ፣ አልነገርኳትም። አትቆጣኝ። በእኔ ክብደት ልጄ ታመመች ብላ እህል ትተዋለች፤ አውቃታለሁ። የእድር ሴቶች እየመጡ ሊያጫውቱሽ ነው ስላት «ምነው፣ የምሞትበትን ቀን ሰማችሁ እንዴ?» አለችኝ። የሌላ ሰው እጅ እንዲነካት አትፈልግም። ትናንት ሳጥባት «ካንቺ በቀር ማንም እንዲያየኝ አታድርጊ» አለች። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ሰሞኑን እብጠቱን ስገፋው አልገባ ይለኛል። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው።

እህትህ የኔሰው


ሞጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ምን ብዬ እጀምራለሁ? አርብ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋቢ እንደለበሱ ቆመዋል። ከኋላቸው ሚሊዮን ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ማንም ሳይናገር አወቅኩ። መርዶ ሲመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው።

ሚሊዮን ምስኪን አልጋ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ እኔ ነበርኩ የማባብለው። መልእክት ካለሽ ሊቀበል እናንተ ደጅ ሲደርስ ድንኳኑን አየ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች የእማዬን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ በጆሮው ሰማ። ወደዚህ የሚመጡት መኪኖች ተሰብስበው በአጀብ የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሳይገባ ተመለሰ። ገብቼ ባለማልቀሴ ይቅር በሉኝ ብሎሻል።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። ተማሪዎቼ ከየገጠሩ በእግራቸው መጥተው በረድፍ ተቀመጡ። አፈር አልመለስኩባትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አፈር ዘግኜ «ይህ ለእሷ ነው» ብዬ መሬት ላይ በተንኩት። ሰው ሲያየኝ ያበድኩ መስሎት ይሆናል።

አንቺን መዋሸት አልችልም። ሽማግሌዎቹ ሲነግሩኝ፣ ገና እንባዬ ሳይመጣ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እህቴ ተረፈች» የሚል ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ለእናቴ ከማልቀሴ በፊት ለአንቺ እፎይ አልኩ። ሚሊዮንንም እያለቀስኩ «አሁንስ እንኳ ትታከማለች» ስለው ነበር።

ስለዚህ ሂጂ። ሐዘን ላይ ነኝ ብለሽ ቀጠሮሽን እንዳታሳልፊ። እማዬም ብትሆን ሂጂ ነበር የምትለው። ሌላ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር? እኔን ጠርታኛለች?

ወንድምሽ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቃሌ፣

እማዬ አልሞተችም። መጀመሪያ ይህን አንብብ፤ ከፈለግህ እንደገና አንብበው። ከአጠገቤ ናት፤ ምሳዋን በልታለች፤ አሁን «ለእሱ ነው የምትጽፊው? ደህና ነኝ በዪው» እያለች ነው።

አሁን ሁሉንም ልንገርህ። ጥፋተኛው አንተ ነህ፤ አንተም ሳትሆን ያ የመረጥከው ቃል ነው። ጋሽ ገብረማርያም ግንቦት 5 ሥራው እንዲጀመር የእቃ ቤቱን ኃላፊ መሸሻን ጠርተው «ማክሰኞ ለእማማ ወርቅአፈራሁ እንቀመጣለን፤ አግዳሚዎቹን አድርስ» ይሉታል። መሸሻ ጉባኤው ላይ አልነበረም፤ ክፍለ ሀገር ነበር። ለእማማ ወርቅአፈራሁ እንቀመጣለን ሲባል እሱ ምን ይገባዋል? ከንፈሩን መጠጠና አግዳሚውንም፣ ድንኳኑንም፣ ድስቱንም ጭኖ መጣ። እኔ ውስጥ እማዬን እያለበስኩ ነበር። ጎረቤታችን ሜሪ ከሥራ ስትመለስ ድንኳኑ ሲተከል ታያለች። ቦርሳዋን ወርውራ «ውይ እማማ ወርቄ! ውይ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ሊያቆመው? መንደሩ ተገለበጠ። ጋሽ ገብረማርያም «አልሞቱም! አልሞቱም!» እያሉ ሲለምኑ ሰው ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሎት ይይዛቸው ነበር።

እማዬ ሁሉንም ሰማች። መጀመሪያ «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። ኋላ ስሟን ስትሰማ እጄን ያዘችና እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ሙሾውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ደግነቷን፣ እጇ ለሰው መዘርጋቱን፣ የስንቱን ልጅ ማሳደጓን እየጠሩ ነበር። ሴቶቹ ገብተው በሕይወት አይተዋት አፍረው ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ዊዳድ ስትመጣ «እናንተ ቀብራችሁኛል፤ የተቀበረ ሰው ደግሞ አይጠየቅም» ብላ መለሰቻት። እድርተኛውም ሟርት ነው ብሎ ፈራ፤ ተራው ቀረ፤ ዕቅዱ ተዘጋ። እኔም ግንቦት 14ን ቤት ዋልኩ። ያኔ ወዲያው ጽፌልህ ነበር፤ የሚወስደው ሰው አጣሁ።

ሚሊዮን ባለፈው ሳምንት ሰኞ ደብዳቤህን ይዞ መጣ። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። እማዬን ፀሐይ እንድትሞቅ በር ላይ አስቀምጫታለሁ። በአጥሩ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ «ወይኔ እማማ ወርቅአፈራሁ!» ብሎ ይጮሃል። እሷም «አቤት!» አለችው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤቶች ውኃ አጠጥተውት ልቡ ሲመለስ አፉ አላርፍ ብሎት «ኧረ ቃለጽድቅማ 'አሁንስ እህቴ ትታከማለች' እያለ ነው ሲያለቅስ የሰነበተው» አላት፤ የሆዴንም ነገር ዘረገፈላት።

ዱቄቴን ይዤ ስገባ እማዬ ወደ እሷ ጠራችኝ። «ሆድሽን አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። ደህናውን እጇን ዘርግታ እብጠቱ ላይ አኖረችው። ብዙ ቆየች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም እማዬ፤ አንጀት ነው» አልኳት። አልቅሼ አላውቅም ነበር ፊቷ፤ ያን ዕለት አለቀስኩ።

በማግስቱ ኮሚቴው እንዲጠራላት አዘዘች። ሁሉም መጡ፤ አቶ ደበላ ሳይቀሩ፣ መሸሻም ከበሩ ጀርባ ተደብቆ። ትራስ ደግፋ ተቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ባለፈው መጥታችሁ አለቀሳችሁልኝ። ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ነው ያለቀሳችሁት። ግን አልቅሶ ሳይቀመጥ የሚሄድ ለቀስተኛ የት አገር አይታችኋል? ካለቀሳችሁ ተቀመጡ። ልጄ ሐኪም ቤት ትገባለች፤ እስክትድን ተቀመጡልኝ።» ጋሽ ገብረማርያም ዓይናቸውን እየጠረጉ «እንቀመጣለን፣ እማማ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየመጡ ነው። ትናንት ዊዳድና ሶፊ በአንሶላው ሲያነሷት በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እጆቼ የሚያደርጉትን አጡ።

ሆስፒታሉ ለሰኔ 17 ቀጥሮኛል። አንቀጹን ግን አስተካክልልን። «ይቀመጥለታል» የሚለውን አውጣና «አብሮት ይውላል» በል። ሌሎቹም እድሮች ሊወስዱት ስለሆነ ቶሎ ላክልን።

«እህቴ ተረፈች» ላልከው፣ አንድ ቀን ሙሉ ተናደድኩብህ። ከእናቴ ነው የተረፍኩት? ብዬ። አሁን ልቤ ተመልሷል። ደብዳቤህን ሙሉውን አንብቤላታለሁ፤ ያንንም መስመር አልዘለልኩም። ከእንግዲህ በሌላ ወረቀት መጻፍ የለም። ምን አለች እንዳትለኝ፤ ለእኔ ምንም አላለችም።

እህትህ የኔሰው


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ቃለጽድቅ። የምጽፈው ዊዳድ ነኝ፤ ዛሬ ተራዬ ነው። የኔሰው ገና ሆስፒታል ናት። ቃሉ የእናትህ ነው፤ አንድም እንዳልጨምር እንዳልቀንስ አስምለውኛል።

ቃሌ፣ ልጄ፣ የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር ብለህ ጠይቀሃል አሉ። ገና አልጨረስኩም።

እህትህ ማክሰኞ ቢላዋ ሥር ገባች፤ ወጣችም። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ አንጀቷ ይጠቁር ነበር ብሏል። ስትነቃ «እማዬ በላች?» አለች አሉ። ትኩሳት ስላላት አስቀርተዋታል። ዊዳድ ቀላል ትኩሳት ነው ትለኛለች። የዊዳድን ፊት አይቼ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቄያለሁ። አንተ ግን ከኔ ጋር ጸልይ እንጂ እዚያ ሆነህ አትንቀጥቀጥ።

ያልከውን ነገር፣ እህቴ ተረፈች ያልከውን፣ አትፈርበት። እኔም እሷ ደክሟት ስታንቀላፋ እያየሁ «ጌታዬ፣ እኔን ውሰድና ልጄ ትረፍ» ስል ነው የኖርኩት። አንተ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን አንድ ልመና ለምነናል። እግዜር አልሰማንም፤ ደግ አደረገ።

የመጀመሪያው ቀን በሌላ ሰው እጅ ስነሣ አፈርኩ። አንተን የወለደ ገላ ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም ነበር። ዊዳድ ግን «የአባቴን አጥቤያለሁ፤ የእናት ቀርቶብኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ? ደበላም ይመጣል። ገብቶ አያየኝም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝናቡን ሲያይ ይውላል። «ምን ትሠራለህ እዚያ?» ስለው «ተራዬ ነው» ይለኛል። ይቀመጥ። ሰው በር ላይ እንዳለ ሲሰማኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያ የጻፍከው ደንብ ቆሼ በኩል ላሉትም ተሰጥቷል። የኔሰው ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በእጇ ገልብጣ ሰጥታቸዋለች።

እስከ ዛሬ ሞትን አልፈራሁም፤ እንደውም ምነው ዘገየህ እለው ነበር። አሁን ግን አልፈልገውም። እህትህን ታውቃታለህ። ስድስት ሳምንት ምንም እንዳታነሣ ተብላለች። ዛሬ ብሞት አርፋ የምትቀመጥ ይመስልሃል? ደረቷን ትደቃለች፣ ትወድቃለች ትነሣለች፣ ሬሳዬን ልሸከም ትላለች። የተሰፋው ሁሉ ይፈታል። ስለዚህ ቁስሏ እስኪጠግግ ድረስ አልሞትም። ለጌታም ነግሬዋለሁ። ዊዳድ አጥሚቱን አቅርባለች፤ ልጠጣ።

እናትህ ወርቅአፈራሁ